የኤል ሪኖን ቶርኔዶ ቪዲዮ የምታጋሩ ሰዎች፣ እስቲ እንነጋገር

#1 ቀይ አፈር (ኦክላሆማ ሲቲ)

ሰሞኑን እዚህ አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ኤል ሪኖ በምትባል ከተማ አጠገብ የወረደው ቶርኔዶ (ከነጎድጓድ ደመና እስከ መሬት የሚደርስ ኃይለኛ የነፋስ አዙሪት) ቪዲዮዎች በቴሌግራም እንደ አዲስ እየዞሩ ነው። ከሥራቸው የሚጻፈውን ሳነብ ግማሹ ሰው ቶርኔዶ እየተከተሉ የሚቀርጹትንና የሚያጠኑትን አሳዳጆች ጀግና ይላቸዋል፣ ግማሹ ሞታቸውን ፈልገው የሄዱ ይላቸዋል። ሁለቱም ወገን ቪዲዮውን ልብ ብሎ ያየው አይመስለኝም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቀኑ ሜይ 31 ቀን 2013፣ ዓርብ ነው። ከዚያ በፊት ሜይ 20 ቀን ሙር ከተማን ኢኤፍ 5 (ከ0 እስከ 5 ባለው የቶርኔዶ መለኪያ ከፍተኛው ደረጃ) ቶርኔዶ መትቶ 24 ሰው ገድሏል፤ ሰባቱ የፕላዛ ታወርስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። የኦክላሆማ ሕዝብ ለቅሶውን ሳይጨርስ ነው ያ ዓርብ የመጣበት። በአገራችን አቆጣጠር ምሽት 12 ሰዓት ከ3 ላይ ከኤል ሪኖ ደቡብ ምዕራብ፣ ገላጣ የእርሻ መሬት ላይ አረፈ። 40 ደቂቃ ቆየ። በጣም በሰፋበት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር 4.2 ኪሎ ሜትር ነበር። እስከ ዛሬ ከተለኩት ቶርኔዶዎች ሁሉ ሰፊው እሱ ነው።

ቪዲዮውን አንድ ጊዜ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት። መጀመሪያ ከጥቁሩ ደመና ሥር ቀጫጭን ጅራቶች ይወርዳሉ፣ መሬት ላይ ትንሽ ይሾሩና ይጠፋሉ፣ ከጎናቸው ሌላ ይወርዳል። ቀጥሎ ዝናቡ ይጋርደዋል፤ የሚቀረው ሰማይና ምድርን የገጠመ ጥቁር ግድግዳ ብቻ ነው። «ቶርኔዶው የት ሄደ?» ብሎ ሰው የሚጽፈው እዚህ ጋ ሲደርስ ነው። የትም አልሄደም፣ ግድግዳው ራሱ ነው ቶርኔዶው። ውስጡ ደግሞ በትልቅ ሰፌድ ላይ እንደሚሾሩ እንዝርቶች ትናንሽ አዙሪቶች አሉ፤ ትልቁ ይዞ ያዞራቸዋል፣ እነሱም በራሳቸው ይሾራሉ። የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ተንቀሳቃሽ ራዳር በሰዓት ከ470 ኪሎ ሜትር በላይ ነፋስ የለካው እነዚህ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄድ ነበር። ብዙዎቹ አሳዳጆች መንገዳቸውን የመረጡት ይህን አይተው ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ቀጥሎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ታጠፈ። ሲታጠፍ እየሰፋ፣ እየፈጠነ ሄደ፤ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 90 ኪሎ ሜትር ተጠጋ። በጠጠር መንገድ ላይ፣ በዝናብ፣ ነፋስ ከፊት እየገፋህ ከዚህ ማምለጥ ማለት ምን እንደሆነ የገጠር መንገድ የነዳ ሰው ያውቀዋል።

ቲም ሳማራስ የሞተው እዚያ ነው። 55 ዓመቱ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ፣ ራሱን በራሱ ያስተማረ መሐንዲስ ነው። የታወቀበት ሥራ ራሱ የሠራትን ዝቅ ያለች ሾጣጣ መሣሪያ ቶርኔዶው በሚመጣበት መንገድ ላይ አስቀምጦ መራቅ ነበር። ጁን 24 ቀን 2003 ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ማንችስተር በምትባል ትንሽ መንደር ያስቀመጣት መሣሪያ ቶርኔዶው ሲያልፍባት የአየር ግፊቱ በ100 ሚሊባር ሲወርድ መዝግባለች። ከባሕር ጠለል ወደ 1 ኪሎ ሜትር ከፍታ በቅጽበት እንደ መውጣት ማለት ነው። በኤል ሪኖ ግን እሱ፣ የ24 ዓመት ልጁ ፖል እና ባልደረባው ካርል ያንግ ሮይተር ሮድ በሚባል የገጠር መንገድ ላይ በትንሽ ሸቭሮሌ ሲነዱ ከነዚያ አዙሪቶች አንዱ ደረሰባቸው። ቶርኔዶ አሳዳጆች በቶርኔዶ ሲገደሉ የታወቀው ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ከፊታቸው ይነዳ የነበረ ሌላ አሳዳጅ የኋላ ካሜራው እየቀረጸ ነበር። ከርቀት ሁለት የመኪና መብራቶች ይታያሉ። ዝናቡ ይሸፍናቸዋል፣ ተመልሰው ይወጣሉ፣ እንደገና ይሸፈናሉ። ከዚያ በኋላ አይወጡም። ይህን ቁራጭ በሙዚቃ አጅቦ የሚለጥፍ ሰው ሳይ ልቤ ይቆስላል። ሦስት ሰዎች ሲሞቱ ነው የምታዩት።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ የቶርኔዶ ቪዲዮ ዋጋው በቅርበቱ አይለካም። ከሩቅ ቆሞ፣ ካሜራውን ተክሎ፣ ሳያቋርጥ የቀረጸው ሰው ነው የሚጠቅመው። ቀረብ ብሎ የተቀረጸውን ብቻ ስናጋራ ቀጣዩን ወጣት ወደዚያ ግድግዳ እየገፋነው ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?


#2 ሐቀኛው (ቨርጂኒያ)

ስለ ሳማራስ ያልከውን እቀበላለሁ፣ ነፍሱን ይማር። ግን አንድ ሰው አንስተህ ሌላውን ሁሉ አጽድቀኸዋል። በዚያ ቀን እዚያ የነበረው አብዛኛው ሰው መሣሪያ የለውም፣ ስልክ ብቻ ነው የያዘው። ቪዲዮ ሸጦ፣ በቀጥታ እያስተላለፈ ገንዘብ የሚሰበስብ ነው። ባለ ሁለት መስመር የገጠር መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ሰው በሰልፍ ሲቆም አምቡላንስ በየት ይለፍ? ገበሬው ቤተሰቡን ይዞ በየት ይውጣ? እኔ ብሆን መንገዱን ለነዋሪውና ለተመራማሪው ብቻ ክፍት አድርጌ ሌላውን እመልሰው ነበር። ሰው እየሞተበት ያለ ቦታ ካሜራ ይዞ መሄድ በኛ ባህል ነውር ነው፣ በነሱም ነውር መሆን አለበት።


#3 ባለ 18 ጎማ (ኢንተርስቴት 40 ላይ)

ወንድሞች፣ ክርክሩ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን በየሳምንቱ ከኦክላሆማ ሲቲ ወደ አማሪሎ የምነዳ ሰው ነኝ። ኤል ሪኖ በደጃፏ ነው የማልፈው። ባዶ ትሬለር ይዤ ተራ ነፋስ እንኳ ያንገላታኛል። ስልኬ መጮህ ሲጀምር መሀል ሃይዌይ ላይ ብሆን ምን ላድርግ? ድልድይ ሥር ገብቶ መቆም ይሻላል ብለው የነገሩኝ ሹፌሮች አሉ። ዲስፓቸሩ (ጭነት የሚመድብልኝ ሰው) ደግሞ ሎዱን በሰዓቱ አድርስ ነው የሚለው። የምታውቁ ካላችሁ በግልጽ ንገሩኝ።


#4 ምስል ቀራጭ (አዲስ አበባ)

ካሜራ የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ በዚያ በኩል ልጨምር። ቀይ አፈር ያልከው እውነት ነው፣ ምክንያቱ ደግሞ ሌንሱ ውስጥ አለ።

ስልካችን ላይ ያለው መደበኛ ካሜራ ሰፊ ሌንስ ነው። ሰፊ ሌንስ ነገሩን ሁሉ ያሳንሳል፣ ያርቀዋል። ቶርኔዶው 2 ኪሎ ሜትር ላይ ቆሞ ስክሪኑ ላይ ግን ከተራራ ማዶ ያለ ይመስልሃል። ልጁ ስክሪኑን እያየ ነው የሚቀርጸው፤ ዓይኑን ቀና አድርጎ አያይም። ስለዚህ «ገና ሩቅ ነው» ብሎ ይቆማል። ረጅም ሌንስ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል። ፊት ለፊት ያለውን የእርሻ ጎተራና ከኋላው 8 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን ቶርኔዶ አጣብቆ አንድ ላይ ያቆማቸዋል። ተመልካቹ ያንን ያይና «ይህን ያህል ቀርቦ ተርፏል፣ እኔም እችላለሁ» ይላል። ሰውየው ግን የቆመው ከጎተራው እንኳ በብዙ ርቆ ነው።

ሌላም አለ። ደመናው ሲጠቁር ስልኩ በራሱ ብርሃኑን ይጨምራል። በቦታው የነበረ ሰው ከፊቱ የጨለመበትን ሰዓት አንተ በቪዲዮው ላይ እንደ ተራ ደመናማ ቀን ነው የምታየው። የኤል ሪኖን ምስሎች ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ፣ ከአንዱ ካሜራ ወደ ሌላው ስትሄድ ሰማዩ የተለያየ ቀለም ነው። ቪዲዮ አይቶ ርቀት ለመገመት የሚሞክር ሰው መቶ በመቶ ይሳሳታል ባልልም፣ እኔ ግን በሙያዬም ሆኜ አልሞክረውም።


#5 ቀይ አፈር

ምስል ቀራጭ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን እኔ በዚህ መልክ ማስረዳት አልችልም ነበር።

ሐቀኛው፣ ስለ መንገዱ መጨናነቅ የተናገርከው ልክ ነው፣ አልከራከርህም። ግን ያን ቀን መንገዱን የዘጉት አሳዳጆች ብቻ አይደሉም። ሙር ላይ የሆነውን ያየ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወደ መኪናው ሮጠ፤ በቴሌቪዥን መኪናችሁን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ሂዱ ያለም ነበር። ኢንተርስቴት 40 እና 35 በቆሙ መኪናዎች ተሞሉ። ቶርኔዶው ኦክላሆማ ሲቲ መሀል ድረስ ቢዘልቅ ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም። በቶርኔዶው የሞቱት 8 ሰዎች ሁሉም መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው ጎርፍ ደግሞ 13 ሰው ገደለ፤ ከነሱ ውስጥ ቶርኔዶ ፈርተው የውሃ ማፋሰሻ ቱቦ ውስጥ ልጆቻቸውን ይዘው የተጠለሉ ነበሩ። ይህ የመጨረሻው ነገር ለምን ብዙ እንደማይወራ አይገባኝም።

መሣሪያ የሌለው፣ ስልክ ብቻ የያዘው አይጠቅምም በምትለው ላይ ግን እለይሃለሁ። አንቶን ሳይመን የተባለ የሳማራስ ወዳጅና ተመራማሪ ከአደጋው በኋላ አሳዳጆቹን ቪዲዮአችሁን ስጡኝ ብሎ ጠየቀ። ብዙዎቹ ሰጡት። ችግሩ የየካሜራው ሰዓት አይገጥምም፤ አንዱ ቀድሟል፣ ሌላው ዘግይቷል። መፍትሔው መብረቅ ሆነ። አንድ መብረቅ ሲበርቅ ከሰሜንም ከደቡብም የሚቀርጸው ካሜራ ሁሉ በዚያው ቅጽበት ያየዋል። ብልጭታውን ከብልጭታው ጋር እያጋጠሙ ሁሉንም ቪዲዮዎች በአንድ ሰዓት ላይ አቆሟቸው። ከዚያ አንዱን ቶርኔዶ ከየአቅጣጫው በአንድ ጊዜ ማየት ተቻለ።

የተገኘው ነገር ትንሽ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ሲታመን የኖረው ሽክርክሪቱ ከላይ ከደመናው ውስጥ ተነስቶ ወደ መሬት ይወርዳል ተብሎ ነው። ጃና ሃውዘር የተባለች ተመራማሪ የኤል ሪኖን የራዳር መረጃና የአሳዳጆቹን ምስል አጣምራ በ2018 ስታቀርብ፣ ምስሉ ቶርኔዶውን መሬት ላይ ሲያሳይ ከፍ ብሎ የሚያየው ራዳር ገና ምንም አልያዘም ነበር። ከታች ጀምሮ ነው የተነሳው። ይህ ማስጠንቀቂያ ለሚሰጡ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው፤ ራዳሩ ከላይ ሽክርክሪት እስኪያሳይ የሚጠብቅ ሰው ዘግይቷል ማለት ነው። ያለ አሳዳጆቹ ካሜራ ይህ አይታወቅም ነበር።

ለዚህ ሥራ የጠቀሙት የትኞቹ ቪዲዮዎች እንደሆኑ ልብ በል፦ የማይንቀጠቀጡት፣ አድማሱንና መንገዱን የሚያሳዩት፣ ሳይቆረጡ የቆዩት። እየጮኸ የሚሮጥ ሰው የቀረጸውን ከየት ሆኖ እንደቀረጸው እንኳ ለማወቅ ይቸግራል።

ባለ 18 ጎማ፣ ያንተን ጥያቄ ለብቻው እመልሳለሁ፣ ትንሽ ታገሠኝ።


#6 የጋርላንድ ልጅ (ቴክሳስ)

እኔ ስለ ኤል ሪኖ ብዙ አላውቅም፣ የኛን ግን አውቃለሁ። ዲሴምበር 26 ቀን 2015፣ የፈረንጆች ገና ማግስት ማታ ነው። ኢኤፍ 4 ነበር። ከሞቱት 10 ሰዎች አብዛኞቹ ኢንተርስቴት 30 ከጆርጅ ቡሽ መንገድ ጋር የሚገናኝበት ድልድይ አካባቢ መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው። በዲሴምበር ቶርኔዶ ይመጣል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። ጨለማ ስለሆነ ደግሞ የሚታይ ነገር የለም።

ሁሌ የሚቆጨኝን ልናገር። የኛ ሰው እዚህ አካባቢ ብዙ ነው። ብዙ እናቶች ልጅ ለመጠበቅ መጥተው ቀን ቀን ብቻቸውን ከሕፃናት ጋር ይውላሉ። ስልኩ ሲጮህ ማስጠንቀቂያው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። እናቴ ያን ማታ ስልኩ ጮኸ ብላ ድምፁን ዘጋችውና መስኮት ከፍታ ሰማዩን ታይ ነበር። ጎረቤቶቹ ደግሞ በረንዳ ላይ ወጥተው ስልካቸውን ወደ ሰማይ ደግነዋል። እጇን ይዤ መታጠቢያ ቤት ነው ያስገባኋት። እዚህ ቤዝመንት ያለው ቤት ማግኘት ከባድ ነው፣ ያለን መስኮት የሌለው ክፍል እሱ ነው። ውዳሴ ማርያም እየደገመች ገንዳው ውስጥ ተቀምጣ፣ ፍራሽ ላያችን ላይ አድርገን ጠበቅን። እኛን አልነካንም፣ ክብር ለእሱ ይሁን። ማዶ ያሉትን ግን ነካቸው።

ስለዚህ ለእኔ የአሳዳጆቹ ክርክር ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ እናቶቻችን የሚያውቁት ነገር ይኑር።


#7 ከረዩ ሜዳ (መተሃራ)

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ተራ ከሆነ። እኛ አካባቢ በበጋ ቀትር ላይ አቧራና ቆሻሻ እያሽከረከረ ሽቅብ የሚወጣ ነፋስ አለ፣ አንዳንዴ የዳስ ሸራ ይዞ ይሄዳል። ያ ትንሽ ቶርኔዶ ነው? ኢትዮጵያ ውስጥ ትልቁ ሊመጣ ይችላል?


#8 ቀይ አፈር

ከረዩ ሜዳ፣ ተራ ጥያቄ አይደለም። ያ ሌላ ነገር ነው። የጋለ መሬት አየሩን ሽቅብ ሲለቀው በጠራ ሰማይ የሚፈጠር ነው፣ ከደመና ጋር አይገናኝም። ቶርኔዶ ነጎድጓድ ያዘለ ትልቅ ደመና ይፈልጋል። እዚህ ሜዳ ላይ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እርጥብና ሞቃት አየር ከታች ይገባል፣ ከምዕራብ ደረቁ አየር ይመጣል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከፍ እያልክ ስትሄድ የነፋሱ ፍጥነትና አቅጣጫ በጣም ይለዋወጣል። ደመናውን በሙሉ የሚያሽከረክረው ይህ ልዩነት ነው። የኛ አገር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ነጎድጓዱና በረዶው ቢኖርም ከላይ ያለው ነፋስ እዚህ ያለውን ያህል ኃይለኛ አይደለም። የአሜሪካ ብቻ ነው ማለት ግን አይደለም፤ በ1989 ባንግላዴሽ ውስጥ አንድ ቶርኔዶ 1,300 ያህል ሰው ገድሏል።

አሁን ወደ ባለ 18 ጎማ። ድልድይ ሥር አትግባ። በጭራሽ።

ይህ ሐሳብ የተስፋፋው ከቪዲዮ ነው፣ ለዚህም ነው ክሩን የከፈትኩት። ኤፕሪል 26 ቀን 1991 ካንሳስ ውስጥ አንድ የቴሌቪዥን ቡድን ከሌሎች ሰዎች ጋር ድልድይ ሥር ተጠልሎ ሲተርፍ ቀረጸ። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። ያ ቶርኔዶ ደካማ ነበር፣ በቀጥታም አልመታቸውም፤ ይህ ግን ስክሪኑ ላይ አይታይም። ሰው የተማረው «ድልድይ ያድናል» የሚለውን ነው። ሜይ 3 ቀን 1999 ኃይለኛው ቶርኔዶ ወደ ሙርና ኦክላሆማ ሲቲ ሲመጣ ሰዎች መኪናቸውን አቁመው ድልድይ ሥር ገቡ። በዚያ ቀን በተለያዩ ድልድዮች ሥር ሦስት ሰው ሞተ። ጠባብ ቦታ ነፋሱን ያፈጥነዋል፣ የሚበር እንጨትና ቆርቆሮ ደግሞ እዚያው ይሰበስብብሃል። መኪናዎቹም መንገዱን ዘግተው ሌላው እንዳያልፍ ያደርጋሉ።

አንተ ማድረግ የምትችለው ከመነሳትህ በፊት ይጀምራል። ጠዋት የአየር ሁኔታውን እይ። «ቶርኔዶ ዎች» ካለ ሁኔታው ተመቻችቷል ማለት ነው፤ የትኛው ትራክ ስቶፕ ጋ እንደምትቆም ያኔ ወስን። «ቶርኔዶ ዋርኒንግ» ካለ በዓይን ታይቷል ወይም ራዳር ላይ ወጥቷል፤ ያኔ ሎድ ብሎ ነገር የለም። ትራክ ስቶፕ ከደረስክ ከትራኩ ውረድና ሕንፃው ውስጥ መስኮት የሌለበት ቦታ ግባ፣ ሽንት ቤት ይሁን። ስልክህ ላይ ባለው ራዳር ተማምነህ በጎኑ አልፋለሁ እንዳትል፤ የምታየው ሥዕል ከደቂቃዎች በፊት የነበረውን ነው፣ ኤል ሪኖ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ምን እንዳደረገ ከላይ ጽፌአለሁ። መድረሻ አጥተህ ከተያዝክ ሁለት ምርጫ ነው ያለህ፤ ሁለቱም ጥሩ አይደሉም። ወይ ቀበቶህን አስረህ ከመስኮቱ በታች አጎንብሰህ ጭንቅላትህን ትሸፍናለህ፣ ወይ ከትራኩ ርቀህ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ በደረትህ ትተኛለህ። ቦዩ ውሃ የሚወርድበት ከሆነ ግን ጎርፉን አትርሳ።


#9 ባለ 18 ጎማ

ተባረክ ወንድሜ። ስለ ድልድዩ የነገሩኝ ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም፣ እነሱም ቪዲዮ አይተው ነው። እኛ የሹፌሮች ግሩፕ አለን፣ ይህን እንዳለ ወስጄ እለጥፈዋለሁ። በድምፅም አነበዋለሁ፣ እየነዳ የሚሰማ ይበዛልና።


#10 ሐቀኛው

ስለ መብረቁ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይህን አላውቅም ነበር፣ ደስ ብሎኛል። ቢሆንም ከአቋሜ ሙሉ በሙሉ አልወርድም። በኤል ሪኖ ቪዲዮውን ለምርምር የሰጡት ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ዛሬ በቀጥታ ስርጭት «ይህን ያህል ሰው ካየኝ ይበልጥ እጠጋለሁ» የሚለው ልጅ ግን ከነሱ ጋር አይቆጠርም። እሱን የሚያበረታታው ተመልካቹ ነው፣ ማለትም እኔና አንተ። እኔ ከዛሬ ጀምሮ የዚያን ዓይነት አላይም፣ ለሌላም አልልክም።


#11 ቀይ አፈር

በዚህ እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የኤል ሪኖው ቶርኔዶ በመጨረሻ የተመደበው ኢኤፍ 3 ተብሎ ነው። ነፋሱ ያን ያህል ተለክቶ ለምን ብሎ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ምደባው የሚሰጠው በደረሰው ጉዳት ስለሆነ ነው፣ እሱ ደግሞ በአብዛኛው የሄደው በእርሻ ላይ ነው። የሚያፈርሰው ቤት አላገኘም። «ኢኤፍ 3 ነው፣ ያን ያህልም አይደለም» እያላችሁ ቪዲዮውን የምታወዳድሩ ልጆች ይህን እወቁት።


#12 የጋርላንድ ልጅ

ለእናቶቻችን በድምፅ የሚላክ አጭር መልእክት አዘጋጅቻለሁ፤ እዩትና አስተካክሉልኝ፦

«እማዬ፣ ስልክሽ በኃይል ከጮኸ ወይም ሳይረን ከሰማሽ መስኮት አትክፈቺ፣ ወደ ውጭም አትውጪ። ልጆቹን ይዘሽ መታጠቢያ ቤት ግቢ፣ በሩን ዝጊ። ገንዳው ውስጥ ተቀመጡ፣ ብርድ ልብስና ትራስ ጭንቅላታችሁ ላይ አድርጉ። እኔ እስክደውልልሽ አትውጪ። ዳላስ ውስጥ በወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ሳይረኑ የሚጮኸው ለሙከራ ነው፣ ያን ቀን ሰማዩ የጠራ ከሆነ አትደንግጪ።»


#13 ቀይ አፈር

በጣም ጥሩ ነው፣ እህቴ። ሁለት ነገር ብቻ፦ ጫማ ያድርጉ በይ፣ ከቶርኔዶ በኋላ ወለሉ ሁሉ መስታወትና ሚስማር ነው። ደግሞ «እስክደውልልሽ» የሚለውን አውጪው፤ ኔትወርክ ይቋረጣል፣ እናትየዋ ስልክ ስትጠብቅ እዚያው ትቀራለች። «ነፋሱ ካቆመ በኋላ ጎረቤት ጥሪ» በይው።


#14 ምስል ቀራጭ

በትግርኛና በኦሮምኛም ይቀዳ። የኦሮምኛውን እኔ አነባለሁ፣ ዛሬ ማታ ስቱዲዮ ነኝ። ትግርኛ የሚያነብ ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ።